በአምስት ክር ያለቀው ዘፈን

ጊታር ተጫዋቹ ታፋ ሞቶ የተገኘው በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. መስከረም፣ ቅዳሜ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ነቀምት ውስጥ ከወይዘሮ ካሰች ሆቴል የጓሮ ደረጃ ሥር ነበር። አንድ ጫማው ወልቆ ሦስተኛው እርከን ላይ ቀርቷል። የመቶ አለቃ ነመራ ጎንበስ ብሎ አንገቱን ዳሰሰው፤ ተሰብሯል።

ነመራ ሟቹን ያውቀው ነበር። የነመራ ሚስት ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ዘወትር ቅዳሜ በዚህ ሆቴል አንድ ጥግ ይዞ፣ ራቱን ብቻውን እየበላ የታፋን ጊታር ያዳምጣል። ሁለቱ አንድም ቀን ቁም ነገር አውርተው አያውቁም፤ ያም ሆኖ ነመራ ከከተማው ሰው ሁሉ የሚቀርበው ታፋ ይመስለው ነበር።

ፎቅ ላይ ወደ ታፋ ክፍል ገባ። የኤሌክትሪክ ጊታሩ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ከስድስቱ ክሮች ቀጭኑ ተበጥሶ ተጠቅልሏል።

መጀመሪያ የሆቴሏን ባለቤት ጠየቀ።

«ትናንት ጉሉማ "ይህን ጊታር አንድ ቀን ባታስነካኝ እሰብርልሃለሁ" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች ወይዘሮ ካሰች። ጉሉማ የሆቴሉ ባንድ ሁለተኛ ጊታር ተጫዋች ነው። «ዛሬ ግን ወጥ ቤት ነበርኩ። የጎረቤት ወፍጮ ሲጮህ እንኳን የሰው ድምፅ መብረቅም አይሰማኝ።»

ዘፋኟ ድርቤ ከገበያ ስትመለስ ነበር ወሬውን የሰማችው። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ቆማለች።

«ኦቦ ነመራ፣ ሌላም ሰው አለ። ወልደዮሐንስ ይባላል፤ ጊዳ አያና መምህር ነው። ድሮ እሱ እየዘፈነ ታፋ ይጫወትለት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ትናንት መጣ።»

«ያኔም በዚህ ጊታር ነበር የሚጫወተው?»

«የለም፤ ያኔ የእንጨት ጊታር ነበረው። ይኸንን አምና ነው አንድ አገሩ የገባ ፈረንጅ መምህር የተወለት።»

«ትናንት ተጫውቶለታል?»

«ዓርብ አንጫወትም።»

ወልደዮሐንስ ቀጭን፣ ልብሱ በጥንቃቄ የተተኮሰ ሰው ነው። ነመራ እጁን ሲዘረጋለት የራሱን መዳፍ ጨብጦ የእጁን አንጓ ሰጠው።

«ይቅርታ፣ ቀለም ነክቶኛል» አለ።

«ታፋ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ከታፋ አጠገብ ባለው ክፍል። ግድግዳው ሳንቃ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ታፋ እየተጫወተ ሳለ ዘፈኑ መሃል ላይ ክር ተበጠሰበት። እሱ ግን ዘፈን አያቋርጥም፤ በቀሩት አምስት ክሮች ጥርት አድርጎ ጨረሰው። ከዚያ "ጉሉማ፣ ክር!" እያለ ወጣ። ደረጃው ላይ የጉሉማን የቁጣ ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የመውደቅ ድምፅ ሆነ።»

ጉሉማ ታች ክፍሉ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው ግን የለም። የነመራ አለቃ፣ ሻለቃው፣ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም።

«ዛቻ አለ፣ ምስክር አለ። ሰውዬው ለስቅላት ይበቃል» አሉ።

ነመራ እሑድን ቤቱ ተቀምጦ ዋለ። አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ምንነቱን ግን አላገኘውም። ሰኞ ጧት ጊታሩንና አዲስ ክሮች ይዞ ጉሉማ ወደታሰረበት ክፍል ገባ።

«ክሩን ቀይርልኝ።»

«ዋቃ ያውቃል፣ ኦቦ ነመራ፣ እኔ አልገደልኩትም።»

«ክሩን ቀይር።»

ጉሉማ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።  ገልብጦ የጀርባውን ክዳን ከፈተ፤ ውስጡ የብረት ሞላዎች ተደርድረዋል።

«ክሮቹ ያረፉበት ብረት እንደ ሌላው ጊታር የተቸነከረ አይደለም፤ ተንሳፋፊ ነው» አለ። «ክሮቹ ወደ ፊት ይስቡታል፤ ሞላዎቹ ወደ ኋላ። እኩል ሲሳሳቡ ይቆማል። ሁሉንም ክር ባንዴ ቢፈቱት ብረቱ ይሰምጣል። ስለዚህ አንድ ፈትተው አንድ ይተካሉ፤ ቃኝተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ስድስተኛው ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይቃኛሉ።»

ነመራ በቀሩት አምስት ክሮች ላይ አውራ ጣቱን አሳለፈ። ጆሮ የሚሰነጥቅ፣ የተዘባረቀ ድምፅ ወጣ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አንዱ ክር ሲበጠስ ሞላው ያይላል። የቀሩት ሁሉ ይወጠሩና ቅኝታቸውን ይስታሉ።»

«በዚህ ዘፈን መጨረስ ይቻላል?»

ጉሉማ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በእንጨቱ ጊታር ታፋ ስንቴ ጨርሷል! በዚህ ግን መልአክም አይችል።»

ነመራ ብድግ አለ። «ሥራህን ጨርስ። ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ውስጥ ትጫወታለህ።»

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻለቃው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ካሰችና ድርቤ ጎን ለጎን፤ ወልደዮሐንስ ከበሩ አጠገብ። የጉሉማ ካቴና ተፈታ። መጫወት ሲጀምር ድርቤ ዓይኗን ጨፈነች። ነመራ ምልክት ሲሰጠው ቀጭኑን ክር ፈትቶ ያንኑ ዘፈን ቀጠለ። ሻለቃው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ድርቤ ጆሮዋን ያዘች።

«ይብቃህ» አለ ነመራ። ወደ መምህሩ ዞረ። «አቶ ወልደዮሐንስ፣ ጥርት ብሎ ተጨረሰ ያሉት ዘፈን ይህ ነው?»

ወልደዮሐንስ ወደ በሩ አየ።

«በዚህ ጊታር በአምስት ክር ዘፈን አይጨረስም። ጉሉማ ይህን ያውቃል፤ ድርቤም አምና ሙሉ ሰምታዋለች። እንዲህ ብሎ የሚዋሽ ታፋን በቅርብ የሚያውቅ፣ ይህን ጊታር ግን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ነው። የነገሩን የድሮውን የእንጨት ጊታር ትዝታ ነው። ያንን ዘፈን ካልሰሙ የጉሉማንም ድምፅ አልሰሙም። ታዲያ ንጹሕ ሰው ለማሰቀል ለምን ይዋሻሉ? ደረጃው ላይ የነበሩት እርስዎ ስለሆኑ ነው። ክሩም በታፋ ጣት አልተበጠሰም። እባክዎ፣ ቅዳሜ ስንጨባበጥ የደበቁትን መዳፍ ያሳዩን።»

ወልደዮሐንስ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ዘረጋ። መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ቀጭን የደረቀ የደም መስመር ሰንጥቆታል።

«"ቦታ ሲገኝ እጠራሃለሁ" ብሎኝ ነበር» አለ ማንንም ሳያይ። «ሦስት ክረምት ጠበቅሁ። መጀመሪያ በየወሩ ይጽፍልኝ ነበር፤ በኋላ በየበዓሉ፤ በኋላ ተወው። ሳልጠራ መጣሁ። "አሁን ድርቤ አለች፤ አንተ ወደ ተማሪዎችህ ተመለስ" አለኝ። ይህን ሲለኝ እንኳ ቀና አላለም፤ ጊታሩን እየቃኘ ነበር። ልነጥቀው ስል ክሩ በእጄ ተበጠሰ። የተቆጣው ለክሩ ነው። ሌላ ሊያመጣ ወጣ። ስሙን እየጠራሁ ተከተልኩት፤ አልዞረም። እንዲዞር ብዬ ነው የገፋሁት።»

ድርቤ ተነሥታ ወጣች። ጉሉማ ጊታሩን እንዳቀፈ ተቀምጦ ቀረ።

ፖሊስ ጣቢያ ነመራ የእስረኛ መመዝገቢያውን ገለጠ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ጠይቆ ጻፈ።

«መታሰርህ የሚነገረው ዘመድ ወይም ወዳጅ አለህ?»



«ነበረኝ» አለ ወልደዮሐንስ።

 ነመራ በመስመሩ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈና ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ።