ሦስተኛው ማንቆርቆሪያ

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም...

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አየር ጤና፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ ያለ የቤት ዕቃ ሱቅ።

የሄድኩት የሚያፏጭ የሻይ ማንቆርቆሪያ ልገዛ ነው።

እናቴ ብዙነሽ ከሞተች አራት ወር ሆኗት ነበር። አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ "አይዞሽ ኤልዳና" ሲለኝ "እሺ" እያልኩ ሻይ አቀርብ ነበር። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ነኝ። ደንዝዣለሁ።

አባባ ደግሞ መርሳት ጀመረ። ቤቴል ቤታችን ቀን ቀን ብቻውን ነው የሚውለው። ውሃ ይጥድና ሳሎን ሄዶ ያንቀላፋል። ሁለት ማንቆርቆሪያ አቃጥሏል። በሁለተኛው ጊዜ እሳቱ መጋረጃውን ያዘ፤ ጎረቤታችን ፀጋ ባትደርስለት ኖሮ...

ሦስተኛውን ማሰብ አልፈለግኩም።

እማዬ እያለች ውሃው ሲፈላ አባባን የምትጠራው በፉጨት ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። የፀሎት ቡድኗ ሴቶች "እህት ብዙነሽ፣ ቤት ውስጥ አይፏጭም፣ የማይሆን ነገር ትጠሪያለሽ" ሲሏት፣ "እኔ የምጠራው ባሌን ዱባለን ነው" ብላ ትስቅባቸው ነበር።

ባለሱቁ ጌድዮን ይባላል። "ሳትሰሚው አትግዢ እህቴ" ብሎ ሦስት ማንቆርቆሪያ በየተራ ስቶቭ ላይ ጣደልኝ።

የመጀመሪያው ሲጥ ብሎ ቀረ። ለአባባ ጆሮ አይሆንም።

ሁለተኛው እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ይኼ ደግሞ ሽማግሌውን ከሶፋ ያወርደዋል።

ሦስተኛው...

ሁለት አጭር። አንድ ረጅም።

ጌድዮን ግንባሩን ቋጠረ። "እንዴ... ይኼኛው እንዲህ አያፏጭም ነበር።"

"እሱን ስጠኝ" አልኩት።

ውሃውን ደፍቶ፣ ወልውሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በስልክ ከፍዬ ወጣሁ።

እሑድ ከቸርች ስንመለስ አባባ ራሱ ጣደው። ማንቆርቆሪያው አፏጨ። አባባ ወዲያው ተነስቶ ስቶቩን አጠፋ፣ ሻይ ቀዳ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አልረሳም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን የቀዳው ለሁለት ሰው አልነበረም። ብርጭቆዎቹ ሦስት ነበሩ።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ነበር። ሆዱን በመዳፌ ነካሁት።

ገና ለብ ማለቱ ነበር።

"አባባ፣ ይኼ እኮ ሳይፈላ ነው የሚያፏጨው።"

"ቀስ ብለሽ አውሪ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ሰው አለ።"

እሺ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። መደንዘዝ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው የሚያስፈራውን ነገር በስኳር አማስሎ ይጠጣል።

ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ ኩሽና ቆሜ ውሃው እስኪፈላ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ጌድዮን ነው።

"እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅዳሜ ስወለውለው አውልቄያት... ክዳኗ እኔ ጋ ቀርታለች።"

"የቷ ክዳን?"

"አፉ ላይ የምትገጠመዋ ትንሿ። የምታፏጨዋ። እሷ ከሌለች እኮ ድምፅ የለውም።"

ማንቆርቆሪያውን አየሁት። በደንብ ሳየው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

አፉ ባዶ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ነበር።

"ሄሎ? እህቴ፣ አለሽ?"

ሁለት አጭር... አንድ ረጅም።

"አሃ" አለ ጌድዮን በስልኩ ውስጥ፣ "ሌላ አገኘሽለት እንዴ?"

ስልኩን ዘጋሁት። ስቶቩን አጠፋሁ። ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ውሃው ዝም አለ።

ፉጨቱ ግን አልቆመም።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለ አባባ ከሳሎን። ገባ። እኔን አላየኝም። ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ እያየ ፈገግ አለ፣ ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር ሳበና ቦታ አመቻቸ።

ያኔ እንባዬ መጣ። ከአራት ወር በኋላ። መዞር ፈለግኩ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ።

እንፋሎቱ ከፊቴ ነበር፣ ከጠረጴዛው ላይ።

ሞቅ ያለው ትንፋሽ ግን ከኋላዬ ነበር... አንገቴ ላይ።