ደርሷል፣ እናመሰግናለን

ዝናቡ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ጉድ ይደበድበዋል። ጎን ለጎን ተቀምጦ ለመነጋገር እንኳ መጮህ ግድ ነበር። የኳስ ሜዳው ኩሬ ሆኗል፤ ጥበቃው አባባ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገሩታል። ስክሪኑ ላይ ግን በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ሌላ ነው፦ «የሳምንቱ ዝናብ፦ 0»።

መርማሪዋ ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየች። ያው ዜሮ ነው። መርማሪዋ የሚል ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ያልገባት ነገር ካለ እሷም አትተኛም፣ ሌላውንም አታስተኛም።

«እስቲ ወደ ውጭ እይ!» ብላ ጮኸች። «አሁን ደግሞ ስክሪኑን እይ!»

ቱርቦ ወደ ውጭ አየ። ስክሪኑን ግን አላየም። «ያንቺ ቻርት ችግር ይሆናላ፣» አለ።

ቱርቦ የልብ ጓደኛዋ ነው። ሲያወራም ሲራመድም ሲጽፍም ሰው አይደርስበትም። የኮምፒውተር ክበቡን ሥራ ለሁለት ተካፍለውታል። ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጆች በየጠዋቱ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዝናብ ይለካሉ፤ መምህራቸውም ቁጥሩን በስልክ ይልካሉ። ስልኩ ቁጥሩን እንደ ፖስታ በመልእክት ጠቅልሎ ወደዚህ ክፍል ሰርቨር ይሰደዋል። ሰርቨሩ ውስጥ ያለ ሞጁል የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ፖስታውን ከፍቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ ይመዘግብና ለላኪው መልስ ይሰጣል። ሞጁሉን ማዋቀር የቱርቦ ድርሻ ነበር፤ «ሠርቷል» ካለ ሳምንት ሆኖታል። የተመዘገበውን ወደ ሰማያዊ ዓምድ የሚቀይረው ቻርት የእሷ ነው፤ የጨረሰችው ገና ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ወላጆችና ትንንሾቹ ልጆች ሊያዩት ይመጣሉ።

«የኔ ቻርት ባዶ ሲሰጡት ባዶ ነው የሚያሳየው። ስልክህን ስጠኝ።»

«ይሠራል እኮ! እዪ።» ቱርቦ ራሱ አምስት ብሎ ላከ። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ደርሷል፣ እናመሰግናለን።»

«አየሽ?»

መርማሪዋ ስልኩን ተቀበለችው። ትንሽ አሰበችና በቁጥሩ ቦታ «ዝሆን» ብላ ጻፈች። «ደርሷል፣ እናመሰግናለን።» ምንም ሳትጽፍ ባዶውን ላከች። «ደርሷል፣ እናመሰግናለን።» «አንተ ደደብ» ብላ ላከች። ሰርቨሩ አሁንም በትሕትና አመሰገነ።

ሳቋ አፈናት። «ይሄማ ልክ እንደ አጎቴ ነው! ምንም ብትለው እሺ ይልሃል፣ ከዚያ እልም ይላል።»

ቱርቦ ግን አልሳቀም። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሱ በቀልድ ሳይስቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ገባት። ሰርቨሩ ምን እንደሚሠራ የሚነገርበትን ኮንፊግ ፋይል ከፈተች። ፈልጊ የሚያሰኝም አልነበረም፤ አናቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ማንኛውም መልእክት ሲመጣ፣ ሳትከፍተው «ደርሷል፣ እናመሰግናለን» በለው የሚል አንድ መስመር።

«ይቺን ማን ጻፋት?»

«ባለፈው የኮምፒውተር ቲቸር ሊያዩት ሲመጡ ሞጁሉ እምቢ አለኝ፣» አለ ቱርቦ። ዝናቡ ድምፁን ሊውጠው ምንም አልቀረውም። «አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል። የኮቴያቸው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ላብ አጠመቀኝ። ይቺን መስመር አስገባሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ይሠራል አልኳቸው። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ስንት ነገ አለፈ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ቲቸር ክፍል ፊት አጨበጨቡልኝ እኮ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን መክፈትም ፈራሁ።»

በጣም ተናደደችበት። ልትጮህበትም አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን እጇ ቀድሞ ኪቦርዱ ላይ ወረደ፤ ያልገባትን ሳታይ መናደድ አትችልበትም። ውሸተኛዋ መስመር ፊት # አስቀመጠች። ይህ ምልክት ያለበትን መስመር ሰርቨሩ እንዳላየ ያልፈዋል። ሪስታርት አደረገች። አምስት ብላ ላከች።

«ተመዝግቧል፦ 5 ሚሊ ሜትር።»

ቻርቱ ላይ አንዲት አጭር ሰማያዊ ዓምድ ብቅ አለች።

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መርማሪዋ በፍጥነት «ዝሆን» ብላ ላከች። «ይህ ቁጥር አይደለም። እባክዎ አስተካክለው እንደገና ይላኩ።»

«ሠራ!» ቱርቦ ወንበሩ ላይ ወጣ። «ኧረ ሠራ! ምን አደረግሽው?»

«ምንም! አንተው ነህ የሠራኸው! ቲቸር ከመግባታቸው በፊት መጨረሻ ላይ የነካኸው ነገር ልክ ነበር። ላዩ ላይ ውሸት ደፋህበትና ሳትሞክረው ቀረህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሥር ሆኖ ሥራ ሲጠብቅ ነበር!»

ቱርቦ ወንበሩ ላይ እንደቆመ እስክስታ ወረደ። እሷም ቁጣዋን ረስታ ጠረጴዛውን ከበሮ አደረገችው። ዝናቡም ከላይ አጀባቸው። ጥቂት ቆይቶ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የልጆቹ ቁጥርስ?» አለች። «እስከ ዛሬ የላኩት?»

ቱርቦ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወረደ። ማንም አልከፈተውም፤ አንዱም የለም።

«እኛው እናስገባዋ፣» አለ በመጨረሻ። «ወንድምሽ እዚያ ክፍል አይደል? ቁጥሮቹን ጠይቂውና ማታ ጠቅ ጠቅ እናደርጋቸዋለን። ማን ያውቃል? ማንም አይጎዳም።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን አነሳች። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡን አልጠላችውም።

እቤት ስትደርስ ታናሽ ወንድሟ በር ላይ ነበር የጠበቃት። ጉንጩ ስለሚያስቅ ቤተሰቡ ሁሉ ድምቡሼ ይለዋል። ራት እንኳ ሳይቀርብ፣ ሳትጠይቀው የሳምንቱን ዝናብ ከአርብ እስከ ሐሙስ በቃሉ ዘረገፈላት። ክፍላቸው ለየቀኑ ዝናብ ልክ ሰማያዊ ወረቀት እየቆረጠ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ የማክሰኞው ከሁሉም ይረዝማል።

«ማክሰኞን የለካሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እትዬ፣ ዝናቤ ቅዳሜ ስክሪኑ ላይ ይታያል አይደል?»

አሁን ቁጥሮቹ ሁሉ እጇ ገብተዋል። ስልኳን አውጥታ መላክ ብቻ ነው የቀራት። አውጥታም ነበር።

«ባይደርስ ኖሮስ?» አለችው።

ድምቡሼ በጥያቄው ሳቀባት። «ደርሷል ብሎናል እኮ። እናመሰግናለንም ብሎናል። መምህራችን ሲያነቡልን ሁላችንም ምንም አይደል እንለዋለን።»

አንጀቷን በላው። ሠላሳ ልጅ በየጠዋቱ በአንድ ድምፅ ለባዶ ምንም አይደል ሲል ታያት። ስልኩን አነሳች፤ የደወለችው ግን ለቱርቦ ነው።

«ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት ማዶ እንሄዳለን፣» አለችው። «የምትነግራቸው አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«እሺ፣» አለ ቱርቦ። ከዚያም ቶሎ ብሎ፣ «የምሬን ነው፣ እንደ አጎትሽ አይደለም።»

በማግስቱ ዝናቡ ቆሞ፣ መንገዱ በጭቃ ተለውሶ ነበር። የሁለተኛ ክፍል መምህሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን በር ላይ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና «ግቡ፣ ለባለቤቶቹ ንገሩ» አሉ።

ቱርቦ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። «ሰርቨሩ ደርሷል ሲላችሁ ውሸቱን ነበር፣» አለ። «እንዲዋሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መልእክታችሁን ማንም አልከፈተውም። ይቅርታ።»

የድምቡሼ የታችኛው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ጥርሰ ወላቃ እጇን አወጣች።

«ታዲያ ዝናቡ ግድግዳው ላይ አለ እኮ። እንደገና እንላከው?»

«ይቻላል፣» አለች መርማሪዋ።

«ስልኩን ማነው የሚጫነው?»

መርማሪዋ መምህሩን አየቻቸው። መምህሩ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የለካ ሁሉ የራሱን ይላክ፣» አሉ።

ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ! እስከ ትናንት ስልኩን የሚነኩት መምህሩ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ተራ ያዙ፤ ተጋፉ፤ አንዱ ጭራሽ ያልለካውን ቀን የኔ ነው ብሎ ተሰለፈ። አንድ ሰው በላከ ቁጥር ቱርቦ ባመጣው ላፕቶፕ ላይ ሰማያዊ ዓምድ ይነሳል፣ ክፍሉም ያጨበጭባል።

የድምቡሼ ተራ ደረሰ። ከደስታው ብዛት ቁጥሩ ጠፋበት፤ ምላሱን አውጥቶ፣ ፊደል በፊደል «ብዙ» ብሎ ጻፈና ላከ።

መምህሩ መልሱን ጮክ ብለው አነበቡ። «ይህ ቁጥር አይደለም። እባክዎ አስተካክለው እንደገና ይላኩ።»

መርማሪዋ ወንድሟ ያለቅሳል ብላ ፈራች። ድምቡሼ ግን ዘለለ።

«አነበበኝ! ሰማችሁ? አነበበኝ!»

ከዚያ ሠላሳ አንድ ብሎ ላከ። ዓምዱ ከሁሉም በላይ ወጣ፤ የመርማሪዋም ልብ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ ቱርቦ ማንም ሳይገፋው ለኮምፒውተር መምህርቷ ሁሉንም ተናገረ። መምህርቷ ግንባራቸውን ቋጥረው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ የሚገባውን ያህል ተቆጡት፤ «ነገ ለእንግዶቹ የምታስረዳው አንተ ነህ፣ ይህንንም ጨምረህ» ብለውት ወጡ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ኮንፊግ ፋይሉ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። ውሸተኛዋ መስመር # ፊቷ ተደቅኖባት አሁንም አናቱ ላይ ተኝታለች።

«እ... ለነገ እዚያው ትቀመጥ ይሆን?» አለ ቱርቦ። «ለማንኛውም ብዬ ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት ቢበላሽብንስ?»

መርማሪዋ ኪቦርዱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ እሱ ፊት አስቀመጠችው።

ቱርቦ መስመሯን ለረጅም ጊዜ አያት። ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። ጣቱን አንዲት ቁልፍ ላይ አሳረፈና፣ ፊደል በፊደል፣ እሱ ሆኖ የማያውቀውን ያህል ቀስ ብሎ፣ መስመሯን እስከ መጨረሻው አጠፋት።

ከዚያ ሪስታርት አደረገ።