እንዳገኘሁት ትቼዋለሁ

ሲግኔ የጎጆውን የማገዶ ሳጥን ክዳን አንስታ እጇን እስከ ታች ሰደደች። ከቅርፊትና ከቸኮሌት ወረቀት በቀር ምንም የለም። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል። ቀኑን ሙሉ ተራራ ስትወጣ የዋለችበት ካልሲዋ ውሃ ያንጠባጥባል።

«የማነው ባለጌ!» ብላ ጮኸች። «ሰው የፈለጠውን አንድዶ፣ ሞቆ፣ እንዲሁ ውልቅ?»

«ቱሪስት ነዋ፣» አለች የአክስቷ ልጅ ዮሩን፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ሆቴል መስሏቸው ነው።»

የተራራ ተጓዦች የሚያድሩበት ይህ ጎጆ ጠባቂ የለውም። ያደረ ሁሉ የሞቀበትን ያህል ፈልጦ ለሚቀጥለው መንገደኛ ይተዋል። በኖርዌይ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የውሃ ባልዲውም ደርቋል፤ መጥረቢያው ደጅ ተጥሎ ዝጓል።

ሲግኔ ጥፋተኛውን ፍለጋ የእንግዶች መዝገቡን ገለጠች። የመጨረሻው ጽሑፍ የዛሬ አራት ቀን የተጻፈ ነው። የእጅ ጽሑፉን ስታይ ደሟ ፈላ።

«ድንቅ ጉዞ! ሁሉን እንዳገኘሁት ትቼዋለሁ። ትሩልስ።»

ወንድሟ! ትምህርት ቤቱ ሁሉ የጉዞ ቪዲዮውን የሚያይለት፣ «ተፈጥሮን እናክብር» እያለ የሚሰብከው ትሩልስ! ይህን መንገድ የመረጠላቸውም እሱ ነው። ነገ እኩለ ቀን ላይ ሸለቆው ውስጥ ባለው አውቶቡስ ማቆሚያ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በባቡር ወደ ስቶክሆልም፣ በመርከብ ወደ ሄልሲንኪ። ሲግኔ ለዚህ ጉዞ ዓመት ሙሉ ቀን ስትቆጥር ነው የኖረችው።

«ቸኩሎ ይሆናላ፣» አለች ዮሩን።

«ታዲያ ‹ቸኩዬ ነው› አይልም? ምን ያስዋሸዋል? አፈ ቅቤ!»

በንዴት ወጥታ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ በዛገው መጥረቢያ ለአንድ ማታ የሚሆን እንጨት ፈለጠች። እሳቱ ሲነድ ሰውነቷ ሞቀ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

ጠዋት ዮሩን ሻንጣዋን አዝላ በሩ ላይ ቆመች። «ቶሎ በይ እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው።»

«ሳጥኑስ?»

«ባዶ ነው ያገኘነው። እንዳገኘነው እንተወዋለን።»

ሲግኔ ቀና ብላ አየቻት። ዮሩን የትሩልስን ቃል መድገሟ ገና ያን ጊዜ ገባትና ፊቷ ቀላ።

«ትሩልስ ጥሎን ይሄዳል እኮ፣» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«ይሂዳ!» ሲግኔ መጥረቢያውን አነሳች። ስትፈልጥ በእያንዳንዱ ምት የወንድሟን ስም እየጠራች ትሰድበው ነበር። ዮሩን ትንሽ ቆማ አየቻትና ሻንጣዋን አውርዳ ባልዲውን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች።

ሳጥኑ ሲሞላ እኩለ ቀን አልፏል። የሲግኔ መዳፍ ውሃ ቋጥሯል። መጥረቢያውን ወልውላ ጥጉ ላይ አቆመችና መዝገቡን ገለጠች። ከወንድሟ ጽሑፍ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሳጥኑን ባዶ አገኘሁት፤ ሞልቼዋለሁ። ሲግኔ፣ እህቱ።»

«ቀጣይ መድረሻ» የሚለው ቦታ ላይ ደረሰች። ስቶክሆልም አላለችም፤ መጀመሪያ ወንድሟን ፊት ለፊት የምትጠይቀው ነገር አላት።

«ትሩልስ ጋ» ብላ ጽፋ ዘጋችው።