ጀርባ ለጀርባ የቆሙት መንገደኞች

ነፋሱ የመጣው ተራራ ነቅሎ ለመሄድ ነበር። ተራራ ስላጣ የሁለቱን መንገደኞች፣ የሙስሊሙን ግንበኛና የአይሁዳዊውን አናጢ ድንኳን፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃና ግንበኛው ኮምፓሱን የሚያስቀምጥበትን የእንጨት ሰሌዳ ይዞ በረረ። በቅሎዋም ልትከተለው ስትል ጅራቷን ይዘው አስቀሯት።

«ኮምፓሱስ?» ጮኸ አናጢው፣ አፉን አሸዋ ሞልቶት።

«ደረቴ ላይ ነው! ነፍሴ ትበራለች እንጂ እሱ አይበርም!»

ከበረሃው ማዶ ባለች ከተማ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ግንበኛው ለአዲሱ መስጊድ ወደ መካ የሚያመለክተውን የቂብላ መስመር ዓርብ ከቀትሩ ሶላት በፊት ማስመር አለበት፤ ከዘገየ ሥራውን ባላንጣው ይወስደዋል። አናጢው ደግሞ በቅሎዋ የተሸከመችውን የኦሪት ጥቅልሎች የሚቀመጡበትን ቁምሳጥን፣ በምኩራቡ ውስጥ በኢየሩሳሌም በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ይተክላል።

«ኮምፓስ አሸዋ ላይ አይቀመጥም፣ ነውር ነው» አለ ግንበኛው። ሰሌዳው የለም፤ ስለዚህ መዶሻውን አጋደመና በላዩ አስቀመጠው። መርፌው ዞሮ ቆመ። እነሱም መርፌውን አምነው ገሰገሱ።

ሊመሻሽ ሲል ጅብ ገጠማቸው። ጅቡ የትንሽ ቤት ያህላል፤ ጥርሱ ብቻ ለአንድ አጥር ይበቃ ነበር። አናጢው መጋዙን መዞ፣ አጉብጦ፣ በጣቱ እየመታ አስለቀሰው። እንዲህ ያለ ዜማ ሰምቶ የማያውቀው ጅብ እግሬ አውጪኝ አለ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ውሃው ከቀራቸው ጀሪካን ሥር ደርሷል። ለጸሎት ቆሙ። አናጢው ጨርሶ ዞር ሲል ጀርባውን ሰጥቶት የሚሰግደው ግንበኛ ሁለት ውስጥ እግሮች አፈጠጡበት። ተሰግዶ እስኪያበቃ ጠበቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማክሰኞ ስንጸልይ ትከሻህ ትከሻዬን ይነካ ነበር፤ አንተ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘወር ትል ነበር እንጂ። መካ ቤት ቀየረች እንዴ?»

«ኮምፓሴ አይዋሽም!»

«ጀምበር የምትጠልቀው በየት ነው?»

«በምዕራብ ነዋ!»

«ታዲያ ምሥራቅ ነው ብለህ የሰገድክበት በኩል ዓይንህን የሚያቃጥልህ ምንድነው?»

ግንበኛው ኮምፓሱን ከመዶሻው ላይ ሲያነሳው መርፌው ተወዛውዞ ዞረ። ሲመልሰው ወደ ብረቱ ሮጠ።

«ወይ ጉዴ! ከትናንት ጀምሮ መዶሻዬን ተከትዬ ነው የሄድኩት!»

«ፈጣሪ ልብህን አይቷል። በረሃው ግን ልብ አያይም፤ ተነስ!»

ግንበኛው ሶላቱን በትክክለኛው አቅጣጫ እንደገና ሰገደ፤ ከዚያም ሁለቱም ተፈተለኩ። የሁለት ቀኑን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ በቅሎዋ እንኳ በመጨረሻ እየመራች ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ መስጊዱ ጋ ሲደርሱ ባላንጣው ገመድ ወጥሯል።

«ዘገየህ!» አለ እየሳቀ።

ግንበኛው ገመዱን አየው። ቀጥ ብሎ ወደ ዳቦ ቤቱ ያመለክታል። የባላንጣው ኮምፓስ የተቀመጠው በብረት ችካል ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከተማውን ሙሉ ጠርቶ ያስቅበት ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮው፣

«ወንድሜ፣ ከብረቱ አንሳው። እኔም ትናንት ነው የተማርኩት» አለው።

ከዚያም መዶሻውን ሦስት መንደር አሳልፎ ወረወረና ወደ አናጢው ዞረ። «እስቲ አንተ ወደ ራስህ የጸሎት አቅጣጫ ቁምልኝ።» አናጢው ወደ ኢየሩሳሌም ቆመ። ግንበኛው ትከሻውን አስጠግቶ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘወር አለ። በአናጢው መዳፍ ላይ ያስቀመጠው የኮምፓሱ መርፌም መሰከረለት። ባላንጣው ራሱ የገመዱን ጫፍ ያዘ፤ መስመሩም ከአዛኑ በፊት ተሰመረ።

ሰንበት ከመግባቷ በፊት፣ በምኩራቡ፣ ቁምሳጥኑን ደግፎ የያዘው ግንበኛው ነበር።

«ተስተካክሏል?» አለ አናጢው።

በዕድሜው ማንንም ጠይቆ የማያውቀው ግንበኛ ሳቀ። «እኔን ትጠይቀኛለህ? ቆመህ አሳየኝ እንጂ!»