ከፈረቃ የወጣ ሰፈር

ሌላዋ እጮኛዋን ሠርግ ቤት ታገኛለች፤ መምህርቷ ግን የእሷን ያገኘችው አቤቱታ ይዛ ሄዳ ነው። አንድ ቀን እየዘለለ የሚጠፋው መብራት ያንገሸገሸው የሰፈር ሰው፣ «የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነሽ፣ አፍ አታጪም» ብሎ ወደ መብራት መሥሪያ ቤት ላካት።

የፈረቃውን ሠንጠረዥ የሚያወጣው ወጣት መሐንዲስ መሳቢያውን ከፍቶ፣ እዚያ ውስጥ የደበቀውን ወፍራም የድሮ ልቦለድ ሲያነብ ደረሰችበት።

«እኛን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው እርስዎ ያነባሉ?» አለችው።

ደንግጦ መሳቢያውን ዘጋ። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ ከፈተው። «ይቅርታ፣ ሰውየው የሚሞት መስሎኝ ጨንቆኝ ነው።»

«እሱ አይሞትም። የምትሞተው እሷ ናት።»

«ምነው እህቴ፣ ምን አደረግኩሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች፤ «የአቤቱታውን መልስ ልጠይቅ ነው» ብላ ራሷን አታለለች እንጂ አቤቱታው ትዝም አላላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እየመጣ ከአባቷ ጋር ይከራከር ጀመር። አባቷ፣ ከላይ በስልክ የመጣ ፍርድ አልፈርምም ብለው ወንበራቸውን ትተው የወጡ ዳኛ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሞ፣ ኃይለኛ አምፖል ካልበራላቸው አንዲት መስመር አያነቡም።

«ኃይሉን ለጎረቤት አገር ይሸጣሉ፣ ለገዛ ሕዝባቸው ሻማ ያድላሉ» ይላሉ።

«አባባ፣ ያለውን ካልሸጥን የጎደለውን በምን እንገነባለን?» ይላል እሱ። ይህን እያለ የሚያየው እሷን ነው። እሷም ሥራ ያላት ይመስል ብርጭቆ ታነሳሳለች።

ከዚያ ከሰፈራቸው መብራት መጥፋቱን ተወ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሆነው። አባቷ መጽሐፍ ላይ መጽሐፍ ይጨርሱ ጀመር። «መንግሥትን ሳማ ኖሬ፣ አንዴ ላመሰግነው ነው መሰለኝ» አሉ። በዚያው ሰሞን መምህርቷና መሐንዲሱ ቀለበት አሰሩ።

ቬሎዋን የምትሰፋላት ሴት የምትኖረው ከወንዝ ማዶ ነው። መምህርቷ ልትለካ ስትሄድ የተሰፋው አንድ እጅጌ ብቻ ነበር።

«የኔ እህት፣ ምን ላድርግ» አለች ሰፊዋ። «ድሮ አንድ ቀን እየዘለለ ነበር የሚጠፋው። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ነው። የሌላ ሰው ፈረቃ የጨመሩብን ይመስላል። በመብራት የሚሠራ መኪና ይዤ ደንበኞቼ ሁሉ ጥለውኝ ሄዱ፤ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሁለት ወር። መምህርቷ ክው አለች። ከዚያው ወደ መሐንዲሱ ቢሮ ሄደች።

«የእኛን መስመር ከፈረቃ አውጥተኸዋል?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አባባ ሲያነቡ አይተሽ ደስ አላለሽም?»

«ማን ላይ ጫንከው?»

«ማዶ ላይ። የሆነ ሰው ላይ መውደቁ አይቀርም።»

«መልሰው።»

«ብመልሰውም ለማዶ አይደርስም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለቃዬ ደርሶብኛል። ይቆጣል ስል፣ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› አለኝና እነዚህንም ከፈረቃ አውጣ ብሎ የራሱን ዝርዝር ሰጠኝ፤ የሹማምንቱን ሰፈር፣ የእህቱን ሰፈር። የእናንተን ብለቅ ኃይሉን ለእነሱ የሚወስደው እሱ ነው። ብናገር ደግሞ መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ።» እጇን ያዘ። «ለፍቅር ብዬ ነው። ስንቱን መጽሐፍ ስታስተምሪ ለፍቅሩ ብሎ ላጠፋ ሰው አልቅሰሽ የለም?»

«አልቅሻለሁ» አለች እጇን እያስለቀቀች። «መጽሐፎቹ የተበደሉትን ሰዎች ቤት አያሳዩማ። እኔ አሁን የመጣሁት ከእነሱ ቤት ነው።»

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ ዳኛው፣ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ፣ እንዲህ ማንበብ ከቻልኩ ስንት ዓመቴ ነው።»

ከእጮኛዋ ይልቅ ይሄ አቃጠላት። ለሰው «አልፈርምም ያሉት ዳኛ» እያለች ስትናገርላቸው የኖረችው አባት እሳቸው ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ መብራት ሄደ። መሐንዲሱ ደወለ።

«እንዳልሽው መለስኩት። እንዳልኩሽም የአለቃዬ እህት ወሰደችው። ለማዶዋ ሴት ምን ጠቀማት?»

«ምንም።»

«እንግዲያው እንጋባ።»

«አልችልም።»

«ጠላሽኝ?»

«ብጠላህማ ምን ነበረበት» አለችው። «እወድሃለሁ። ነገር ግን በሳቅህ ቁጥር እሷ ትታየኛለች።»

በማግስቱ ስፌቱ ይቅርብኝ ልትላት ማዶ ወረደች። ቬሎው አልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«በእጄ ጨረስኩት» አለች ሰፊዋ፤ ጣቶቿ በመርፌ ተበሳስተዋል። «በእኔ የተነሳ ሠርግሽ እንዳይተላለፍ ብዬ። በይ ልበሽውና ልይሽ።»

መምህርቷ የመጣችበትን መናገር አቃታት። ለበሰችው። ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ስታያት ቆየች፤ ከዚያ ወገቧን በእጇ አስተካከለችላት።

«ልክሽ ነው» አለች። «ዕድለኛ ነው ሰውየው።»

ሙሽራ ሆና ያያት ሰው ቢኖር ሰፊዋ ብቻ ናት።