ከመርዶው የቀደመ ሪባን

ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የቢሮውን ጓጉንቸር ከፍታ ስትገባ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉትን የድረ ገጽ ሥራ ድርጅቱን ባለቤት ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ወድቆ አገኘችው። የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። «እኔን ይድፋኝ! ቅዳሜ ብመጣ ኖሮ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ቅዳሜ ተራዋ ነበር፤ እህቷን ሐኪም ቤት ስታስታምም ውላ አደረች እንጂ።

ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏታል። ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ «ለምን ደህና አደራችሁ?» ሳትል አትቀርም ብለው ያሟታል። ያን ዕለት የመጀመሪያውን «ለምን» የጠየቀችው ጓጉንቸሩን ነው። ሰውየው ብቻውን ሳለ አዳልጦት ከወደቀ፣ በሩ ለምን ከውጭ ተቆለፈ?

ከሟቹና ከጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ቴክኒሺያኗና የድረ ገጾቹን ጽሑፍ የምታዘጋጀው ጸሐፊ። ሦስቱም ቅዳሜ ቤቴ ነበርኩ አሉ። ጣት የተቀሰረው ግን በቴክኒሺያኗ ላይ ነው። ዓርብ ዕለት ጋሼን «አንድ ቀን ሁሉም ባንዴ ይናድብዎታል!» ብላ ስትጮህበት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ሳጅን ካቴናውን ማቅጨልጨል ጀምሯል።

«ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ማን ያወጣልኛል?» አለች ቴክኒሺያኗ፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«እሱን እናያለን። ለምን ተጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«የደንበኞቻችን ድረ ገጾች በሙሉ የተቀመጡት አንድ የብሎግ ሲስተም ላይ ነው። የሠርግ አዳራሹም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ የራሳችን ገጽም። አንድ ግቢ የተከራዩ ሰዎች ብለው ያስቧቸው፤ ክፍላቸው ለየብቻ፣ ቆጣሪያቸው አንድ። ለየራሳቸው እናውጣቸው ስላቸው 'ስንት ቤት ልጠብቅ ነው?' አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃላችን ጩኸት ሆነ።» ዓይኗ ሞላ።

«ቆጣሪውን ማን ይነካል?»

«ዋናው የይለፍ ቃል ያለን ጋሼ፣ ወንድማቸውና እኔ ነን። የምንገባው በአንድ ስም ስለሆነ ማን ምን እንደሠራ አይለይም። ጸሐፊዋ የምትገባው በየክፍሉ ብቻ ነው።»

ይህን ሲነጋገሩ የሠርግ አዳራሹ ባለቤት በሩን በርግዳ ገባች። ስልኳን እንደ ክስ ማስረጃ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ሙሽሮቼን ልታባርሩብኝ ነው? እሑድ ደውዬ ተናገርኩ፣ ዛሬም ከገጼ ላይ አልተነሣም!»

መርማሪዋ ስልኩን ተቀበለች። ከሚስቁት ሙሽሮች ፎቶ በላይ ጥቁር ሪባን ተጋድሟል፤ «በሐዘን ላይ ነን» ይላል። የመዋዕለ ሕፃናቱን ገጽ አስከፈተች፤ ሪባን። የጥርስ ሐኪሙን፤ ሪባን። በመጨረሻ የድርጅቱን የራሱን ገጽ አየች። ንጹሕ ነው። የአዳራሹን ባለቤት ወደ ኮሪደሩ ወስዳ አንድ ጥያቄ በጆሮዋ ጠየቀቻት፣ መልሱንም በጆሮዋ ሰማች።

ጸሐፊዋ ሪባኑን ስታይ አንገቷን ደፋች። «ቅዳሜ ማታ የሕፃናቱን ፎቶ ስጭን አይቼው ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ ሰዎች ያውቃሉ ብዬ ዝም አልኩ። ምን አለ ብደውል?»

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ቃል መጣ። መርማሪዋ ሁሉንም ሰርቨሩ ክፍል ደጃፍ ሰበሰበች። ታናሽ ወንድምየው ጥቁር ለብሷል፤ ከጠዋት ጀምሮ የቀረበለትን ውኃ እንኳ አልነካም።

«የሞተው የዚህ ቤት ሰው ነው» አለች። «ሪባን የሌለው ግን የዚህ ቤት ገጽ ብቻ ነው። ለምን? ቴክኒሺያኗ፣ ሪባኑን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። የጋሼ አባት ሲያርፉ። 'ለዚህ ገጽ' እና 'ለሁሉም' የሚሉ ሁለት የመጫኛ ቁልፎች አሉት።»

«ሪባኑ የተሰቀለው ቅዳሜ ማታ ነው። ሬሳው የተገኘው ሰኞ። እንግዲህ የሰቀለው ከእኛ ቀድሞ መርዶውን ያወቀ ሰው ነው። ለቤቱ ብቻ ሊሰቅል ፈልጎ በሁሉም ላይ ሰቀለ። በሁሉም ላይ ለመስቀል ዋናው የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጸሐፊዋ አይደለችም። በኋላ ፈራና አነሣው። ግን ያነሣው ከራሱ ገጽ ብቻ ነው፤ ያን አይቶ የጠፋ መሰለው። ሪባኑን በእጇ የሠራች ሴት እንዲህ ትሳሳታለች?»

ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ። አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ምንም አልቀረውም ነበር።

ታናሽየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ግምት ነው። እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«እሑድ ጠዋት የአዳራሹ ባለቤት ስትደውል የድርጅቱን ሞባይል ማን አነሣ? ምንስ አላት?»

የአዳራሹ ባለቤት ቀድማ መለሰች፤ ቁጣዋ በርዷል። «አንተ ነህ ያነሣኸው፣ ወንድሜ። 'ይቅርታ፣ ሐዘን ላይ ነን' አልከኝ። ድምፅህ ተቆራርጦ ነበር፤ አሳዘንከኝ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የታናሽየው ግን ሁለት ቀን እንኳ አላደረም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«የይለፍ ቃሉን ለአንድ ደንበኛ ሰጥቼው ነበር፤ ሥራ ይቅለለኝ ብዬ። ጋሼ ደረሰበት። 'ከእንግዲህ አንተ ቁልፍ አትይዝም' አለኝ፤ እንደ ሕፃን። ገፈተርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ስጠራው ዝም አለኝ። ቆልፌ ሮጥኩ። ቤት ገብቼ ማልቀስ አቃተኝ፤ ጎረቤት ይሰማል። አባታችን ሲሞት ሪባኑን የሰቀልኩት እኔ ነበርኩ፤ 'ደግ አደረግህ' ብሎኝ ነበር። ሌላ የማደርግለት ነገር አጣሁ።»

መርማሪዋ የሚቀጥለውን ባትናገር ደስ ይላት ነበር፤ ነገ ግን በችሎት ከማያውቀው ሰው አፍ ይሰማዋል።

«ልጄ» አለች ዝቅ ብላ፣ «ሐኪሙ እስከ እሑድ ንጋት ድረስ ነፍሱ አልወጣችም ብሏል። ሪባኑን ስትሰቅል ወንድምህ ይተነፍስ ነበር።»

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ታናሽየው ዓይኑን ከሰርቨሩ ክፍል ወለል ላይ አልነቀለም። ሳጅኑ ደግፎ አነሣው።

ቴክኒሺያኗ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ሪባኑን ከሁሉም ገጽ አነሣች። የአዳራሹ ሙሽሮች፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ፊታቸው ተገለጠ። ታናሽየው በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ጠራት።

«እባክሽ እህቴ፣ በእኛ ገጽ ላይ ብቻ አንቺ ስቀይለት። እኔ አላውቅበትም።»