የሰመጠው ነጭ መስመር

ሠዓሊው የተገኘው ፊቱን ሳፋ ውስጥ እንደደፋ ነው። የሳፋው ውሃ ቀይ ስለነበር ጎረቤቶች ደም መስሏቸው ከደጃፉ ተመለሱ። መርማሪዋ ግን ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የደም ሽታ የለውም። የሚሸተው ሙጫ፣ የሻገተ ወረቀትና መስኮቱ ለዓመታት ሳይከፈት የኖረ ክፍል ነው። ሬሳውን ቀና ሲያደርጉት ጢሙ ላይ አንድ ቁራጭ ቴምብር ተለጥፎ ቀረ፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ወጣ። መርማሪዋ ፊቷን አላዞረችም። ባልደረቦቿ «ጉንዳን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ አንዴ ከያዘች አንገቷ ቢቆረጥ አትለቅም።

ሟቹ አርባ ዓመት ሙሉ ለፖስታ ቤቱ ቴምብር ሲስል የኖረ ሰው ነው። መርከብ፣ ድልድይ፣ ግድብ፣ የወንዝ ወደብ፣ አንድም የቀረው የለም። በአገሩ ደብዳቤ የላከ ሰው ሁሉ የእሱን መርከብ በምላሱ ልሶ ፖስታ ላይ ለጥፏል።

«አባባ ስኳር ነበረበት» አለ አማቹ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠራረገ። ከሟቹ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር የወንዝ መሐንዲስ ነው። «ቴምብር ሲነክር አዙሮት ወድቆ ነው። ስንት ጊዜ ብቻህን አትቀመጥ ብዬዋለሁ!»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ደለል ዛቂዋ መርከብ ላይ ነዋ! ከጠዋት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ስንዝቅ ነው የዋልነው። መዝገቡን ማየት ይችላሉ።»

ልቅሶው ከሁሉ ይበልጥ ነበር። አስተማሪ የሆነችው የሟቹ ልጅ፣ የአማቹ ሚስት፣ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ እንባ ሳታወጣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ እሱ ግን ለሁለት ያለቅሳል።

ሐኪሙ የሬሳውን ማጅራት ገልጦ ለመርማሪዋ አሳያት። አራት ጣት በአንድ ወገን፣ አውራ ጣት በሌላው። «ይሄ ሰው አልወደቀም» አላት በሹክሹክታ። «እንደ ድመት ግልገል ማጅራቱን ይዘው ነው የደፈቁት።»

መርማሪዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ገና ምንም ሳትነካ ያደፈች መሰላት።

ከሳፋው ውስጥ የራሰውን ወረቀት በመቆንጠጫ አነሣችው። አንድ ሙሉ ሉህ ቴምብር ነው፤ ጥጉ ብቻ ተቀዷል። እየተንጠባጠበ መምጠጫ ወረቀት ላይ አነጠፈችውና ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘውን ሰው አስጠራችው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ነው። ዕድሜ ልኩን ቀለም ሲበጠብጥ ስለኖረ «ቀለሜ» ይሉታል፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ቀለም ሲሞትም የሚለቅ አይመስልም።

«በአስራ አንድ ተኩል መጣሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ስገባ ይሄው ነው» አለ።

«ቀለሜ፣ ሰው ቴምብር ለምን ይነክራል?»

«ያገለገለውን ከፖስታው ላይ ለማላቀቅ ነዋ።»

«ይሄስ ያገለገለ ነው?»

ቀለሜ ወደ ሉሁ ጠጋ አለ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ይሄ… ይሄማ አንድም ቀን አልተለጠፈም። ደግሞ ቀዩ ቀለም ውሃ አይችልም፤ የበጠበጥኩት እኔው ነኝ፤ እሱም ያውቃል። ይሄን ውሃ ውስጥ የሚከት እብድ ብቻ ነው።»

«የሚያስፈራዎት ግን ቀለሙ አይደለም።»

«እመቤቴ፣ ይሄ ሉህ በሕይወት መኖር አልነበረበትም። ሁሉንም አቃጥያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። እሱ አንዱን ሰውሮ ኖሯል።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የወንዙ ልማት ሥራ ተጀምሮ ቦዩ ተቆፈረ፤ ወደቡም ተሠራ። በምረቃው ቀን አንዲት አዲስ የሕዝብ መርከብ ተነሣች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተገልብጣ ሰጠመች። ስድሳ ሦስት ሰው አለቀ። ካፒቴኑ ሰክሮ ነው ተባለ፤ ታሰረ፤ በአራተኛው ዓመት እዚያው ሞተ። ይህ ካፒቴን የሠዓሊው እህት ባል ነበር። ሠዓሊው ያን ቀን ጠዋት ወደቡ ላይ ቆሞ መርከቧን ሲስል ነበር፤ ሥዕሉም በወሩ ቴምብር ሆኖ ታተመ። ቴምብሩ ገና ሳይሸጥ «ለሐዘንተኞች ክብር ሲባል ይቃጠል» የሚል ትእዛዝ መጣ።

«ማን አዘዘ?»

«የወደቡ አለቃ። ዛሬ የወንዝ ልማት ቦርዱ ሊቀመንበር ናቸው። ‹የወንዙ አባት› ይሏቸዋል።»

የካፒቴኑ ሚስት ጎረቤት ነበረችና መርማሪዋ ቤቷ ሄደች። ደረቅ፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት።

«አዎ፣ በአስር ሰዓት በሩን አንኳኩቻለሁ» አለች። «አልከፈተልኝም። ‹እህቴ፣ ነገ ጠዋት ነይ፤ ሠላሳ ዓመት የደበቅሁብሽን አሳይሻለሁ› አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አየሽ ልጄ፣ ባሌ ጠጥቶ እንደማያውቅ ለማን ያልነገርኩት አለ? ለወንድሜ ስንት ጊዜ ‹አንተ እዚያ ነበርክ፤ ያየኸውን ተናገር› አልኩት። ‹እኔ የምስለው እንጂ የማወራው የለኝም› ይለኝ ነበር።»

«ጠልተውት ነበር?»

«አሁንም እጠላዋለሁ» አለች አሮጊቷ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሊቀመንበሩን ቢሮው አገኘችው። እጁ ለስላሳ፣ ሽቶው ከባድ ነው፤ ሲጨብጣት አልለቅ አላት። ከጀርባው የወንዙ ቴምብሮች በመስታወት ተቀምጠው ግድግዳውን ሞልተዋል፤ የሰጠመችው መርከብ ብቻ የለችም።

«በዘጠኝ ሰዓት ጠይቄው ወጥቻለሁ። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስራ ሁለት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሠላሳ ሰው ይመሰክራል። ምን ዓይነት ሰው አጣን መሰለሽ!»

«ምን ነበር የጠየቁት?»

«ጤናውን» አለ ሊቀመንበሩ፣ ፈገግ ብሎ። መርማሪዋ ስትወጣ መዳፏ ሽቶ ሽቶ አላት፤ ደጅ ባገኘችው ቧንቧ ሁለቴ ታጠበችው፤ አልለቀቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ሠዓሊው የሞተበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀለሜ ጥግ ይዞ ቆመ። አማቹ የሚስቱን እጅ ይዟል፤ አሮጊቷ አክስቷ በመስኮቱ በኩል ናት። አንድ ፖሊስ ደብተሩን ዘርግቶ ይጽፋል።

«ቀለሜ፣ እናቴ፣ ሊቀመንበር፣ ሦስታችሁም የምትገድሉበት ምክንያት ነበራችሁ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ገዳዩን የጠቆመኝ ግን ሳፋው ነው። ሠዓሊው አዙሮት ወደቀ እንድንል ታስቦ ነበር። ግን ያልተለጠፈ ሉህ የሚነክር ሰው የለም። ስለዚህ ሉሁን የነከረው ስለ ቴምብር የማያውቅ ሰው ነው፤ ቀለሜ ከዚህ ወጣ። እሱ ቢሆን ክብሪት ነበር የሚጭረው።»

ቀለሜ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ሉሁ የተነከረው እንዲጠፋ ነው። ምኑ ነው የሚጠፋው? እዩት።» የደረቀውን ሉህ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ገዳዩ ውሃው ደም ሲመስል ሥዕሉ ሁሉ የታጠበ መሰለው። የለቀቀው ግን ቀዩ ሰማይ ብቻ ነው። ጥቁሩ መስመር ውሃ አይነካውም። እንዲያውም ሰማዩ ሲጠፋ መርከቧ ጎልታ ወጣች።»

አጉሊ መነጽሩን ለአሮጊቷ ሰጠቻት። «እናቴ፣ መርከብ ከዚህ በላይ አትጫን የሚል ነጭ መስመር ጎኗ ላይ አላት። የት ነው ያለው?»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አየች። «ውሃ ውስጥ» አለች። «ከውሃው በታች ነው። ሰዉም ጣሪያው ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል።»

«መርከቧ የሄደችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ የዚያች ጠዋት ሥዕል ነው። ካፒቴኑ አይደለም ያሰጠማት። ከልክ በላይ ያስጫናት ነው። ይህን ማስረጃ ሠላሳ ዓመት የለመኑ ሴት በገዛ እጃቸው ውሃ ውስጥ አይከቱትም፤ እሳቸውም ወጡ።»

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ፣ ሳይደነግጥ።

«ነበሩ። ከመግባትዎ በፊት ግን ለአንድ ሰው ስልክ ደውለዋል፤ ጸሐፊዎ ነግራኛለች።» መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የእርሳስ ሥዕል አነሣች። «ሠዓሊው በየቀኑ በዚህ መስኮት መስታወት አሻግሮ እያየ ወንዙን ይስል ነበር፤ ሰዓቱንም ይጽፍበታል። ይህ የትናንቱ ነው፤ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ደለል ዛቂዋ ዳር ላይ በገመድ ታስራለች፤ አካፋዋ ደርቆ ሽቅብ ተሰቅሏል፤ አንድም ሰው የለባትም። እዚህ ቤት ግን እስከ አስራ ሁለት ስዝቅ ዋልኩ ያለኝ ሰው አለ።»

አማቹ ሳቀ። «የሽማግሌ ሙጭርጭር ነው። መዝገቡን እዪ!»

«መዝገቡን የምትጽፈው አንተ ነህ። ሠራተኞችህን ማታውኑ አስጠየቅኋቸው። ሰንሰለቱ ቀትር ላይ ሲበጠስ ወደየቤታቸው ሰደድካቸው። የት ዋልክ?»

አማቹ ወደ ሊቀመንበሩ አየ፤ ሊቀመንበሩ ወደ ጫማው።

«ይንገሯት እንጂ!» ብሎ ጮኸበት አማቹ። «ሽማግሌው አንድ ሉህ ደብቆ ኖሯል፣ አሁን ራሱ ነገረኝ፤ የወንዙ ዋና መሐንዲስ ትሆናለህ፣ ያን ወረቀት ብቻ አጥፋልኝ አላሉኝም? ስጠኝ አልኩት፤ እንቢ አለ። ለጋዜጣ ጽፌያለሁ አለኝ። ሠላሳ ዓመት አፉን ዘግቶ፣ በዝምታው ሥራውን ጠብቆ የበላ ሰው፣ እኔ ወግ ሊደርሰኝ ሲል ነው እውነት የተገለጠለት?»

አስተማሪዋ እጇን ከእጁ መንጭቃ አወጣች። ከዚያ ያን እጇን ቀሚሷ ላይ ትፈትገው ጀመር፤ ፖሊሱ ባሏን አስሮ ይዞት ሲወጣ እንኳ አላቆመችም።

ሊቀመንበሩ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። «አሳዛኝ ነው። እኔ አጥፋ ያልኩት ወረቀቱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም» አለና ሊሰናበት እጁን ለመርማሪዋ ዘረጋ። መርማሪዋ እጁን እንደ በሰበሰ ሥጋ አየችው፤ አልጨበጠችውም።

«እርስዎም የትም አይሄዱም» አለችው። «የመርከቧ መዝገብ ዛሬ ይከፈታል። የወንዙ አባት ሆይ፣ ይቀመጡ።»

አሮጊቷ ከመስኮቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ፈቃዱ ለስንት ሰው ነበር?»

ሊቀመንበሩ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ጠየቅሁህ እኮ።»

«ለሰባ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ስንት አስጫንክ?»

ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ሌላ ፖሊስ ቆሟል።

«መቶ አርባ… መቶ አርባ ስድስት።»

«ባሌ ምን አለህ?»

«አልነሣም አለኝ» አለ ሊቀመንበሩ። «ትነሣለህ ብዬ አዘዝኩት።»

አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ተመልሳ ለዓመታት ሳይከፈት የቆየውን መስታወት በሁለት እጇ ገፋችው። ተንቋቋና ተከፈተ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሞ ነበር።

«በል ድገመው» አለችው። «ጮክ ብለህ።»